መድፉን ትተን ቀለሃዋን እንይ

ጋፋት ሲነሣ ሁላችንም የምንተርከው አንድ ታሪክ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የውጭ አገር ሰዎችን ከደብረ ታቦር አጠገብ ሰብስበው፣ መድፍ ካልሠራችሁ አለቃችሁም ብለው፣ በ1859 ዓ.ም. ገደማ 7 ቶን የሚሆነው ሴባስቶፖል ተወለደ። ከዚያ በኋላ ይሄ ጉድ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ጋይንትን አቋርጦ፣ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ ወጣ። ዛሬም እዚያው አምባው ላይ ተጋድሟል፤ አምሳያው ደግሞ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ታሪኩ እውነት ነው፤ ያኮራልም። የገሳይና የደብረ ታቦር ልጅ ሆኖ ይሄን ሲሰማ ደረቱን የማይነፋ የለም።

እኔ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ የምከራከረው ለሌላ ነገር ነው። ለእኛ ለኬሚስትሪ ተማሪዎች ትልቁ ትምህርት ያለው ከመድፉ ሳይሆን፣ ተተኩሳ መሬት ላይ ከምትወድቀው ከትንሿ ቀለሃ ላይ ነው ባይ ነኝ። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ ጥይቱ ያለቀበት ጠመንጃ የማን ነው? የያዘው ሰው ነው ወይስ ጥይቱን የሚሸጥለት?

ከጅምሩ አንድ ነገር ላጥራ። ይህን የምጽፈው ጦር መሣሪያ ለማወደስ አይደለም። የዚህ አካባቢ ሰው የተኩስ ድምፅ ምን እንደሚመስል ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም፤ ከበቂ በላይ ሰምቷል። ነገሩ ወዲህ ነው፤ አንድ ቴክኖሎጂ መቼ የራስ እንደሚሆን፣ መቼ ደግሞ የውሰት ሆኖ እንደሚቀር ከጥይት የበለጠ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ዕቃ አላገኘሁም።

አሮጌ ላይ የሆነው

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ ከመቅደላ ግርጌ አሮጌ ላይ ሁለት ሠራዊት ተገናኘ። በእኛ በኩል ፊታውራሪ ገብርዬ የመሩት ጦር ነበር። አብዛኛው ነፍጥ ባሩዱም አረሩም በአፈሙዙ የሚገባ ነበር። ባሩድ ታፈሳለህ፣ አረር ትከታለህ፣ በዘንግ ትጠቀጥቃለህ፣ ከዚያ ትተኩሳለህ፤ እንደገና ደግሞ ከመጀመሪያው። በእንግሊዝ በኩል ደግሞ የእኛ ሰው በኋላ "ስናድር" ብሎ የጠራው አዲሱ የስናይደር ጠመንጃ ነበር። በኋላው ተከፍቶ ይጎርሳል፤ ጥይቱም ባሩዱን፣ አረሩንና እሳት ጫሪዋን በአንድ ላይ አቅፎ የያዘ ነው። የሠለጠነ ወታደር በደቂቃ 10 ጊዜ ያህል ይተኩስበታል።

ውጤቱን ሁላችን እናውቀዋለን። ከኢትዮጵያውያን ወገን ወደ 700 የሚጠጉ ሰዎች ሲወድቁ፣ ገብርዬም ከእነሱ ጋር ወደቀ። ከእንግሊዝ ወገን በቁስል የሞቱት 2 ነበሩ። ያ ሁሉ ላብ የፈሰሰበት ሴባስቶፖል የውጊያውን መልክ አልለወጠውም። ከ3 ቀን በኋላ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ራሳቸውን ያጠፉት ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ነበር።

እስኪ ልብ በሉ፤ አሮጌን የወሰነው የመድፍ ትልቅነት አልነበረም። ያቺ አውራ ጣት የምታክል፣ ጎኗ ከቀጭን ናስ የተጠቀለለ፣ ኮሎኔል ቦክሰር የነደፋት ጥይት ናት የወሰነችው። በጋፋት የተጠየቀው ትልቅ ነገር ነበር፤ የተፈለገው ግን ትንሹ ነበር።

በጥይት ሆድ ውስጥ

ጥይት 4 ነገር ነው። ቀለሃው፣ በቀለሃው ግርጌ ተቀምጣ ስትመታ እሳት የምትተፋው ትንሽ ቆብ፣ ባሩዱ፣ ከላይ ደግሞ አረሩ።

የድሮው ነፍጥ ቀለሃ አያስፈልገውም ነበር፤ የእሳት ክር፣ ባሩድና አረር ካለው በቃው። ባሩድ ደግሞ አገራችን ውስጥ ይሠራ ነበር። ድኙ ከአፋር ቆላ ይመጣል፣ ከሰሉ ከእንጨት ነው፣ ናይትሬቱ ከአፈር ታጥቦ ይወጣል። የውጭ ተጓዦች "ጥራቱ ዝቅ ያለ ነው" እያሉ ቢጽፉም፣ ዋናው ነገር ባለነፍጡ ሲያልቅበት ወደ ገበያ እንጂ ወደ ባሕር ማዶ አለመመልከቱ ነው። ነፍጡ አዝጋሚ ነው፤ ግን የራሱ ነው።

ቀለሃ ያለው ጥይት ሲመጣ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ አልተዘጋም። ይሄን ለማየት ባሕር ማዶ ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1873 አሜሪካኖች ለኮልት ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አንድ ጥይት አወጡ። አረሩ 16.5 ግራም የሚመዝን ልስልስ እርሳስ፣ ባሩዱ ጥቁሩ ባሩድ ነው። ይቺ ጥይት ከተወለደች 150 ዓመት አልፏታል። እስከ ዛሬ ድረስ ግን በዚያ አገር ሕጉ የሚፈቅድላቸው የአሮጌ ሽጉጥ ወዳጆች ቀለሃዋን አይጥሉም፤ ለቅመው፣ አጥበው፣ ቆቧን ቀይረው፣ እርሳሱን ራሳቸው አቅልጠው ቤታቸው ይሞሏታል። አንዱ ቀለሃ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል።

ለምን ቻሉ? መልሱ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ነው። አንደኛ፣ እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ቡና የምንቆላበት የከሰል እሳት ካናፉለት ይበቃዋል። ትንሽ ቆርቆሮ ሲጨመርበት ደግሞ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ጥሩ አድርጎ ይሞላል፣ ይጠነክራልም። ሁለተኛ፣ የድሮ ሽጉጥ አረር ቀርፋፋ ነው፤ ከ300 ሜትር በሰከንድ ብዙም አይርቅም። በዚህ ፍጥነት ልስልስ እርሳስ የአፈሙዙን ጥርስ ይዞ ሳይገፈፍ ይወጣል። ሦስተኛ፣ ቀለሃው የተሠራው በጥቁር ባሩድ ልክ ስለሆነ፣ የሚሞላው ሰው ቢበዛበት ቀለሃው ራሱ "በቃ" ይለዋል። ማለትም ይቺ ጥይት የሰው እጅ እንዲገባባት ቦታ የተወች ጥይት ናት።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ግን በሩን ዘጋው። እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ። በ2 ዓመቱ የለበል ጠመንጃ ተከተለ። የአረሩ ፍጥነት ከ600 ሜትር በሰከንድ አለፈ። በዚህ ፍጥነት ባዶ እርሳስ አይሆንም፤ አፈሙዙ ውስጥ ይላጣል። ስለዚህ የመዳብና የኒኬል ልብስ ለበሰ። ልብሱ ከባድ መጫኛ ማሽን ይፈልጋል። ባሩዱ ደግሞ በናይትሪክ አሲድ የተሠራ፣ ትንሽ ቢበዛ ጠመንጃውን ከነባለቤቱ የሚበትን ሆነ። ከዚህ በኋላ ወናፍና ከሰል ይዞ መከተል አልተቻለም። በእጅና በፋብሪካ መካከል ያለው ገደል የተቆፈረው በእነዚያ 2 ዓመታት ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ቆቧንም አንርሳት። የምትመታውን እሳት የፈጠረው የስኮትላንድ ቄስ አሌክሳንደር ፎርሳይት ነው፤ ፈቃዱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1807 ነው። ውስጧ ለረጅም ጊዜ የኖረው በሜርኩሪ የሚሠራ፣ ስትነካው የሚቆጣ ውሁድ ነበር። እርሳሱን ብታገኝ፣ ባሩዱን ብትወቅጥ፣ ቀለሃውን ብትለቅም እንኳ ቆቧ ከሌለች ሁሉም ከንቱ ነው። ብዙውን ጊዜ ጥገኝነት የሚጀምረው እንዲህ ከትንሿ ነገር ነው።

ውጅግራና ገበያው

ታሪክ ለእኛ የሰጠን መሣሪያ የትኛው ነበር? ውጅግራ። ስሙ ራሱ ከፈረንሳይኛው "ፉዚል ግራ" የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ 25 ግራም ባዶ እርሳስ በ5.25 ግራም ጥቁር ባሩድ የሚወረውር ጠመንጃ። በባሕርይው የዚያ የስድስት ጎራሹ ዘመድ ነው፤ እርሳስ፣ ጥቁር ባሩድ፣ ተመላላሽ ቀለሃ። ፈረንሳይ ለበልን ስትይዝ ውጅግራ አሮጌ ዕቃ ሆነባት፤ በታጁራና በጅቡቲ በኩልም ወደ እኛ ጎረፈ። ለእነሱ ትርፍራፊ ነበር። ለእኛ ግን፣ ሳናውቀው፣ ከሚመጡት ሁሉ ሰው በእጁ ሊገባበት የሚችል የመጨረሻው ዘመናዊ ጠመንጃ ነበር።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በአገራችን ገበያዎች ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ ዝርዝር ገንዘብ ሆኖ ይሠራ ነበር። ማርትሬዛ ብር ለትልቁ፣ ጥይት ለትንሹ። ለምን ጥይት? የሚያልቅ ነገር ስለሆነ ነዋ! ጠመንጃ አንዴ ከገባ 30 ዓመት ይኖራል፤ ጥይት ግን ሁልጊዜ ይፈለጋል። የገበያው ሰው ኢኮኖሚክስ ሳይማር ዋናውን ነጥብ አግኝቶታል፤ ኃይል ያለው ከሚያልቀው ነገር ዘንድ ነው።

ይሄን መንግሥታትም ያውቁ ነበር። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1893 ለዐፄ ምኒልክ 2 ሚሊዮን ጥይት አስረከበች፤ ወዳጅነታቸውን ልትገዛበት ነበር። ምኒልክ ጥይቱን ተቀብለው የውጫሌን ውል አፈረሱ። ብልህ መሪ እንዲህ ገመዱን ይፈታል። እ.ኤ.አ. በ1935 ግን ገመዱ ጠበቀ። እንግሊዝና ፈረንሳይ "ገለልተኛ ነን" ብለው ለሁለቱም ወገን መሣሪያ መላክ ከለከሉ። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካዎች ስላሏት ምንም አልሆነችም፤ የተጎዳው ጥይቱን ከውጭ የሚጠብቀው ነው።

በዚያው ጦርነት ጣሊያን "ኢትዮጵያውያን ዱምዱም ጥይት ይተኩሳሉ" ብላ ለመንግሥታቱ ማኅበር ከሰሰች። ዱምዱም ማለት ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚሰፋ አረር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1899 በሄግ መግለጫ የተከለከለ። አስቡት እንግዲህ፤ የድሃው ወታደር አሮጌ ውጅግራ ልብስ የሌለው እርሳስ ስለሚተኩስ፣ እርሳስ ደግሞ በተፈጥሮው ልስልስ ስለሆነ፣ አሮጌነቱ እንደ ወንጀል ሊቆጠርበት ነው። ከሳሿ ግን እ.ኤ.አ. በ1925 የጄኔቫ ፕሮቶኮል የተከለከለውን የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን ታርከፈክፍ ነበር። የኬሚስትሪ ተማሪ ይሄን ታሪክ በታሪክ መጽሐፍ ብቻ ሊያነበው አይገባም፤ የራሱ ትምህርት ክፍል ጉዳይ ነው።

የቀለጠው እጅ የት ሄደ?

እንግዲህ ጥያቄው ይመጣል። ድኙ ነበር፣ ከሰሉ ነበር፣ ወናፉ ነበር፣ ብረት የሚያቀልጥ ሰው ነበር። ታዲያ ለምን ከዚያ አላለፍንም?

አንደኛው መልስ ጋፋት ራሱ ነው። የቫልድማየርንና የጓደኞቹን ስም መጽሐፍ ላይ እናገኛለን። አብረዋቸው ወናፍ የነፉት፣ አፈር ያቦኩት፣ ቅርጽ ያወጡት፣ እዚያው ሙያ የተማሩት የአገሬው ልጆች ስማቸው የት አለ? እ.ኤ.አ. በ1868 የውጭዎቹ ባለሙያዎች ከናፒየር ጦር ጋር ሲወጡ የጋፋት ሙያም አብሮ ወጣ። ዕውቀቱ በሰው ላይ ነበር፤ ሰው ሲሄድ ሄደ።

ሁለተኛው መልስ የሚያሳፍር ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ምን እንደምንለው ሁላችን እናውቃለን። ማረሻውን ይሠራልናል፣ ማጭዱን ይሠራልናል፤ ማታ ደግሞ ልጆቻችንን "በሱ በኩል አትለፉ፣ ቡዳ ነው" እንላለን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ ዐዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ከ100 ዓመት በላይ ሆነው። ዐዋጁ ተነገረ፤ ስድቡ ግን ከአፋችን ሙሉ በሙሉ አልወጣም። እርሳስ የሚያቀልጠውን እጅ እያዋረዱ ጥይት ከውጭ መለመን፣ ይሄ ነው የእኛ ታሪክ። "የሰው ወርቅ አያደምቅ" የሚለውን ተረት የምንተርት ሕዝብ ነን እኮ!

ዛሬስ?

"ይሄ ሁሉ ያለፈ ነው፤ አሁን ፋብሪካ አለን" የሚለኝ ሰው ይኖራል። አዎ፣ አለ። አምቦ አካባቢ የሚገኘው የሆሚቾ የጥይት ፋብሪካ አለ፤ በጋፋት ስም የተሰየመ የጦር መሣሪያ ማምረቻም ተቋቁሟል። ስሙን ከሠፈራችን መውሰዳቸው ያስደስታል። የእኔ ክርክር ግን ስለ ጥይት ፋብሪካ አይደለም። ስለ እኛ ነው።

ማንኛውንም የኮሌጅ ላቦራቶሪ ግቡና እዩ። በእርዳታ የመጣ፣ ገና ላስቲኩ በግማሽ የተላጠ መሣሪያ ጥግ ይዞ ታገኛላችሁ። "ምን ሆኖ ነው?" ብትሉ "ላምፑ ተቃጥሎ" ወይም "ኮለሙ አልቆ" ይሏችኋል። የመሣሪያው ዋጋ የትየለሌ፣ የጎደለችው ነገር በኪስ የምትያዝ። ይሄ ምንድን ነው? ጥይት ያለቀበት ጠመንጃ ነው። የእኛ ዘመን ሴባስቶፖል ነው፤ ለፎቶ ይቆማል፣ አይተኩስም።

በአንጻሩ ከግቢ ውጪ ኮፒ ቤት ያሉትን ልጆች ተመልከቱ። የፕሪንተር ካርትሪጅ (ፈረንጆቹ ጥይትንም ይህንንም በአንድ ስም ነው የሚጠሩት) ሲያልቅ አይጥሉትም። ይፈቱታል፣ ያጸዱታል፣ ቀለም ሞልተው ይመልሱታል። ማንም ሰርተፍኬት አልሰጣቸውም። የእነዚያ ልጆች ሥራና ቀለሃ ለቅሞ የሚሞላው ሰው ሥራ አንድ ዓይነት ነው፤ ሌላው የዘጋውን ዕቃ ከፍቶ የራስ ማድረግ። እኛ በዲግሪ እየተመረቅን እነሱን "ኮፒ ቤት ሠራተኛ" ብለን የምናልፋቸው ከሆነ፣ ቀጥቃጩን "ቡዳ" ካለው ሰው በምን እንሻላለን?

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ እሱ ደግሞ ተገቢ ነው። "ወጣቱን በዚህ ጊዜ ስለ ጥይት መሙላት ማውራት ምን ይባላል?" የሚል። ስለዚህ በግልጽ ልናገር። ቤቱ ጥይት እንዲሞላ ማንንም አልመክርም። ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት በሕግ ያስጠይቃል፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1177/2012 የወጣው ለዚሁ ነው። ደግሞም እርሳስ መርዝ ነው። አቧራውና ጭሱ ደም ውስጥ ይገባል፣ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል፣ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። የሜርኩሪውንማ አታንሱት። እኔ ልንወርሰው ይገባል የምለው ዕቃውን አይደለም፤ "ሲያልቅ በምን እሞላዋለሁ?" ብሎ የመጠየቅ ልማዱን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለትምህርት ክፍላችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ማንኛውም መሣሪያ ሲገዛም ሆነ በስጦታ ሲመጣ፣ ከመረከባችን በፊት "ምን ያልቅበታል? ማን ይሞላዋል? በስንት?" የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች በጽሑፍ ይመለሱ። መልስ ከሌለው ስጦታው ይቅርብን አልልም፤ ግን ዐውቀን እንቀበለው።

ሁለተኛ፣ ከተመራቂዎች የመመረቂያ ሥራ ቢያንስ ጥቂቱ በሚያልቁ ነገሮች ላይ ይሁን። ከአካባቢ አበባ የሚወጣ የአሲድና ቤዝ ጠቋሚ፣ ከከሰል የሚሠራ ማጣሪያ፣ ከተጣለ የሙከራ ፈሳሽ ብርን መልሶ ማውጣት። ትልልቅ ርዕስ አይደሉም። ቀለሃም ትልቅ አልነበረችም።

ሦስተኛ፣ ከታሪክ ትምህርት ክፍል ጋር ሆነን ወደ ገሳይ፣ ወደ ፋርጣና ወደ ጋይንት ገጠሮች እንውጣ። ስለ ባሩድ፣ ስለ ውጅግራ፣ ስለ ወናፍና ስለ ብረት ሥራ ከአባቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎች፣ ዛሬም ማረሻ የሚቀጠቅጡ አባወራዎች አሉ። እንዴት መሣሪያ እንደሚሠራ ለመማር አይደለም፤ ማን እንደነበሩ፣ ዕቃውን ከየት እንደሚያመጡ፣ ምን እንደሚባሉ፣ ለምን እንደተዉት ለመጻፍ ነው። የቫልድማየር ስም ከተጻፈ የእነሱም ይጻፍ። ጊዜው ደግሞ እያመለጠን ነው፤ ሽማግሌ ሲሞት የሚቃጠለው ምን እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ አልነግርም።

ጋፋትን እናክብር፤ መድፉንም እናንሣው። ግን የሚቀጥለው ጉብኝት ሲዘጋጅ አንድ ሰው ከመካከላችን ቆሞ "ይሄ ሁሉ ሆኖ፣ ጥይቱስ?" ብሎ ቢጠይቅ፣ እሱ ጥሩ ኬሚስት ሆኖ ይመረቃል እላለሁ። የማትስማሙ ካላችሁ የሚቀጥለው እትም ክፍት ነው፤ ጻፉልን።

ቸር እንሰንብት!